መንኮራኩሩን በእጅ ማወቅ፦ የጠፈር ጌሞች ዳሰሳ ከካዛንቺስ

በካዛንቺስና በቂርቆስ የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚነግሠው ኳስ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ልጆች፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል። ከኳሱ ቀጥሎ ድብድብ፣ የመኪና እሽቅድድምና ተኩስ ይመጣሉ። የጠፈር ጌም ፈልጎ ወደነዚህ ቤቶች ጎራ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ግን እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ በዚህ ሰፈር ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ። አንዳንዴ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነው፣ አንዳንዴ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወጣት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ማታ ማታ ስለ ፕላኔቶች ቪዲዮ ሲያይ የሚያመሽ የቢሮ ሠራተኛ። ጥያቄያቸው ግን ይመሳሰላል፦ ዝም ያለ ሰፊ ጠፈር ውስጥ የሚያስገባ፣ መንኮራኩሩን ደግሞ እስከ ሽቦው ድረስ የሚያሳይ ጌም የቱ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ተጠይቋል። አንዱ ድባብ ነው፤ ብቸኝነቱ፣ ጨለማው፣ ርቀቱ። ሌላው የመንኮራኩሩ አሠራር ነው፤ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ፣ አየሩ በምን እንደሚጣራ፣ ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ፣ የትኛው ዕቃ ሲበላሽ የትኛው አብሮ እንደሚቆም። ጌም የሚመዝኑ ጸሐፊዎች ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጧቸዋል፤ ይህኛው ውብ ነው፣ ያኛው ጥልቅ ነው ይላሉ። እኔ ብዙዎቹን ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ግን ሁለቱ አንድ መሆናቸው ነው። ድባቡን የሚፈጥረው መንኮራኩሩ ነው። የአየር ማጣሪያው ድምፅ በድንገት ሲቆም የሚደነግጠው ያ ድምፅ የምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለማያውቀው ዝምታው ዝምታ ብቻ ነው።

ከጌም ውጭ ለዚህ የሚቆም ምስክር አፖሎ 13 ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጨረቃ በመጓዝ ላይ ሳለ አንድ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳበት። ሦስቱ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ለማረፍ ወደተሠራችው ትንሽ መንኮራኩር ተሸጋገሩ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ማጥፋት የሚቻለውን ሁሉ አጥፍተው በብርድ እየተንቀጠቀጡ ተመለሱ። የሚያስወጡት የተቃጠለ አየር እየተጠራቀመ ሊገድላቸው ሲቃረብ ያዳናቸው ከላስቲክ፣ ከካርቶንና ከማሸጊያ ፕላስተር የተሠራ ማያያዣ ነበር፤ የዋናዋ መንኮራኩር ማጣሪያ አራት ማዕዘን፣ የትንሿ መንኮራኩር መግቢያ ደግሞ ክብ ሆኖ አልገጥም ብሎ ነበርና። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው በመስኮቱ ስለታዩት ከዋክብት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባትሪው ስንት ሰዓት እንደቀረው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጌም ታሪክ ለእኔ በ1984 ይጀምራል፤ ከዚህ በኋላ የጌሞቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የሚባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች ‹ኢሊት›ን የሠሩበት ቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተር ሜሞሪው 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። በዚያች ቦታ 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱም 256 ፕላኔት አስገቡ። ካርታው አንድ ቦታ ተከማችቶ የተቀመጠ አልነበረም፤ ተጫዋቹ በሄደ ቁጥር በሒሳብ ቀመር እየተወለደ ይመጣ ነበር። ለእኔ ከዚያ የሚደንቀው ግን መንኮራኩሩ ነው። ነዳጁ ሞልቶ እንኳ ከ7 የብርሃን ዓመት በላይ አይዘልም። ጣቢያ ለመግባት የሚሽከረከረውን በር እየተከተሉ መንኮራኩሩን እኩል ማሽከርከር ግድ ነው፤ ጀማሪዎችን ከሽፍታ ይልቅ ያ በር ይፈጃቸው ነበር። የዚህ ጌም መንፈስ ዛሬ ‹ኡላይት› በሚባል በነፃ በሚሰጥ ሥራ ውስጥ ሕያው ነው፤ ያረጀ ላፕቶፕም ያስነሣዋል።

የ‹ኢሊት› ተወላጅ ‹ኢሊት ዴንጀረስ› በ2014 መጨረሻ ወጣ። የእኛን ፍኖተ ሐሊብ በልኩ ለመቅረጽ የተሞከረበት ሲሆን ወደ 400 ቢሊዮን የሚጠጉ የኮከብ ሥርዓቶች አሉት፤ በሥነ ፈለክ መዝገብ የታወቁ እውነተኛ ከዋክብትም በየቦታቸው ገብተውበታል። አብራሪው የኃይል ማመንጫውን ጉልበት ለሞተር፣ ለመከላከያና ለመሣሪያ እያከፋፈለ ይበርራል። ከጠላት ለመደበቅ የሙቀት ማስወጫዎቹን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ውስጥ ይጠራቀምና ቶሎ ካልከፈተው የራሱን ዕቃ ያቃጥላል። ነዳጅ የሚቀዳው ከከዋክብት ነው፤ ግን ሁሉም ኮከብ ነዳጅ አይሰጥም፤ ሳያጣራ የዘለለ ሰው ከሰው ርቆ ይቀራል። ‹ፊውል ራትስ› የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ ተጫዋቾች ነዳጅ ላለቀበት ሰው ነዳጅ ተሸክመው ይደርሱለታል፤ ምስጋና እንጂ ክፍያ አይቀበሉም። በኮክፒቱ ድምፅና በመቀመጫው ስሜት እስካሁን ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም። ችግሩ ሰው ብቻውን ሲጫወትም ቢሆን ኢንተርኔት የግድ መሆኑ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ መንኮራኩሩም ይቋረጣል። በኮንሶል ያለው ደግሞ ከ2022 ወዲህ አዲስ ነገር መቀበል አቁሟል፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ይህን ይወቅ።

የቀሩትን ትልልቆች ቶሎ ልለፋቸው። ‹ኖ ማንስ ስካይ› ከ2016 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ፣ ከ18 በኋላ 18 ዜሮ የሚጻፍለት የፕላኔት ብዛት ያለው ውብ ዓለም ነው፤ መንኮራኩሩ ግን አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚነሡበት ቀላል ነገር ነው። በ2023 የወጣው ‹ስታርፊልድ› የሪአክተሩን ኃይል ያከፋፍላል፣ መንኮራኩር መገጣጠምም ያስችላል፤ ጉዞው ግን ከካርታ ላይ መምረጥ ሆነና ርቀቱ ጠፋ። ለመጫን ከ100 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። ‹ስታር ሲቲዝን› ከ2012 ጀምሮ ከሕዝብ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር እየተዋጣለት የሚሠራ ሲሆን በክፍሎቹ ዝርዝር የሚደርስበት የለም፤ አልተጠናቀቀም፣ ኃይለኛ ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ መስመርም ይፈልጋል። ሦስቱም በእኛ ሁኔታ ሲመዘኑ ከባድ ናቸው።

የእኛ ሁኔታ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በግልጽ ልናገር። አብዛኛው ወጣት ያለው ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ዳታ በብር ይገዛል፤ 100 ጊጋባይት ለማውረድ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። መብራት ይሄዳል። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ያለው ዋጋ በብር አይወጣም፤ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ይለምናል፣ ወይም በሃርድ ዲስክ የሚዞረውን ቅጂ ይጭናል። ስለ ቅጂው የማስበውን ልደብቅ አልፈልግም፦ ከዚህ በታች የማወድሳቸውን አብዛኞቹን ጌሞች የሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው ሲሰረቅ የሚጎዱትም እነሱው ናቸው። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ በሕግ በነፃ ለሚገኙት የተለየ ቦታ ሰጥቻለሁ።

ካዛንቺስ ራሱም የትናንቱ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የድሮው ሰፈር ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻዎች ተዛወረ፤ በውስጥ ለውስጥ መንገዱ ዳር የነበሩ ትንንሽ ንግዶችም ተነሡ። የጌም ጓደኝነት በእግር በሚደረስ ርቀት የሚኖር ነገር ነው። ጎረቤቱ ሲበተን አብሮ የሚጫወተውም ይበተናል፤ ይህ ጉዳይ በኋላ የምለውን ይወስነዋል።

ቀላል ላፕቶፕ ላለው ሰው በመጀመሪያ የምሰጠው ‹ኤፍቲኤል›ን ነው። ጀስቲን ማና ማቲው ዴቪስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ2012 አወጡት፤ ከሕዝብ 10 ሺህ ዶላር ጠይቀው ከ200 ሺህ በላይ የተዋጣላቸው ናቸው። መንኮራኩሩ ጣሪያው የተነሣ ቤት ሆኖ ከላይ ይታያል፤ ክፍሎቹ፣ በሮቹ፣ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ። የሪአክተሩ ኃይል በጥቂት አሞሌዎች ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ለጋሻው ሲጨመር ከሞተሩ ይቀነሳል፣ ለሕክምና ክፍሉ ሲሰጥ ኦክስጅኑ ይጠፋል። እሳት ከተነሣ የውጭውን በር ከፍቶ አየሩን ማስወጣት ይቻላል፤ እሳቱ ይጠፋል፣ ውስጥ የቀረ ሰው ግን ይታፈናል። ይህን ውሳኔ የሚያሳልፈው ተጫዋች ጌሙን ማቆም ይችላልና ጊዜ ወስዶ ያስባል። የቤን ፕሩንቲ ሙዚቃ ዝግ ብሎ ከኋላ ይፈስሳል። ሁለት ገጽታ ብቻ ያለው ሥዕል ይህን ያህል ድባብ መያዙ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። 10 ዶላር ገደማ ነው፤ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። መብራት ቢሄድ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ሳይጨነቁ መጫወት፣ ወጥቶም ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል።

‹ደስከርስ› ከዚህ ይጨልማል። በ2016 የወጣ ሲሆን ተጫዋቹ አንድ መንኮራኩር ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የተተዉ መርከቦችን በድሮኖች ይበረብራል። የሚያየው መስመርና ነጥብ ያለበትን ንድፍ ነው፤ ድሮኖቹን የሚያዝዘውም በኪቦርድ ትእዛዝ እየጻፈ ነው። በር ክፈት፣ ወደ ክፍል 4 ሂድ፣ ጄኔሬተሩን አስነሣ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ከክፍሉ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ዕቃዎቹ በአገልግሎት ብዛት ይበላሻሉ፣ ነዳጅ ሁልጊዜ አይበቃም። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ሰው ይህን ጌም ሲያገኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ያስፈራዋል። ፍርሃትን ከጽሑፍ እንዲህ ያወጣ ሌላ የጠፈር ጌም አላውቅም።

በ2019 የወጣው ‹ኦብጀክትስ ኢን ስፔስ› መንኮራኩሩን እንደ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ያስበዋል። መስኮት አይታሰብም፤ ያለው ካርታ፣ የሚሰማ ምልክትና የሚበራ የሚጠፋ ማብሪያ ነው። ለመደበቅ ሞተሩንና መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ በጨለማ መንሳፈፍ ያስፈልጋል። የተበላሸው ዕቃ ተከፍቶ ውስጡ ያሉት ክፍሎች ይቀየራሉ። ሠሪዎቹ ሌላም ነገር ፈቀዱ፦ ተጫዋቹ አርዱዊኖ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እውነተኛ ማብሪያ ማጥፊያና መብራት ያለው መቆጣጠሪያ ሠርቶ ከጌሙ ጋር ማገናኘት ይችላል። በአዲስ አበባ ስንት የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ አርዱዊኖውን ለፈተና አንድ ጊዜ ከተጠቀመበት በኋላ በመሳቢያ ዘግቶበታል! ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ሊያገኝለት አይችልም።

በ2022 የወጣው ‹ቲን ካን› በጥበቱ ይብሳል። ተጫዋቹ በአንዲት የነፍስ አድን ክፍል ውስጥ ታስሮ እርዳታ እስኪደርስለት መቆየት አለበት። ማሽኖቹ በየተራ ይበላሻሉ፤ መመሪያውን እያነበበ ከማያስፈልገው ማሽን አውጥቶ ለሚያስፈልገው ይገጥማል። የአፖሎ 13ን ጭንቅ ከሁሉ በላይ ያቀረበ ጌም ይህ ነው እላለሁ። በፖላንድ የተሠራው ‹ዴልታ ቪ፦ ሪንግስ ኦቭ ሳተርን› ደግሞ የሳተርንን ቀለበቶች እየበረበሩ ማዕድን የሚለቅሙበት ነው። ፍሬን የለም፤ የተገፋው ይሄዳል፣ ለማቆም ዞሮ በተቃራኒው መግፋት ያስፈልጋል። የሪአክተሩ ሙቀትና የነዳጁ ክብደት ሁሉ ተቆጥሯል። የተሠራው ጎዶ በሚባል በነፃ በሚሰጥ የጌም መሥሪያ ነው፤ እዚሁ ከተማ ጌም መሥራት ለሚመኝ ወጣት ይህ ቁም ነገር ነው።

ሻል ያለ ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ‹አውተር ዋይልድስ›ን ሳያይ እንዳይቀር እለምናለሁ። አሌክስ ቢቹም ለዩኒቨርሲቲ መመረቂያ የጀመረው ሥራ አድጎ በ2019 ወጣ። መንኮራኩሯ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተገጣጠመች የምትመስል ናት፤ ስትጋጭ የተጎዳው ክፍል ተለይቶ ይታወቃል፣ ልብሰ ጠፈር ለብሶ ወጥቶ በእጅ መጠገን ያስፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ በመሣሪያ ወደ ጨለማው ጆሮ ሲጥሉ በየፕላኔቱ የተቀመጡ ተጓዦች የሚጫወቱት ባንጆ፣ ሃርሞኒካና ዋሽንት ከሩቅ ይሰማል። ፀሐይዋ በየ22 ደቂቃው ትፈነዳለች፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ የሚቀረው ያወቁት ብቻ ነው። መብራት በድንገት የሚሄድበት ቤት ውስጥ የሚጫወት ሰው ቢከስር የሚከስረው አንድ ዙር ነው። በ2022 የተጠናቀቀው ‹ሃርድስፔስ፦ ሺፕብሬከር› ደግሞ መንኮራኩርን በማፍረስ ያስተምራል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ዕዳ ያለበት ሠራተኛ አሮጌ መርከቦችን እየቆረጠ ይለያል፤ አየሩን ሳያስወጣ ግድግዳ የቆረጠ ወይም ነዳጁ ያልተዘጋ ቧንቧ የነካ ይሞታል። ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ከሁሉ ፈጥነው የሚገባቸው ይህ ነው።

እስካሁን ያነሣኋቸው መንኮራኩሮች የፈጠራ ናቸው። እውነተኛውን የሚፈልግ ሰው መነሻው ‹ኦርቢተር› ነው። ማርቲን ሽቫይገር በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለ በ2000 ያወጣው ሲሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በ2021 ደግሞ ኮዱን ለሁሉም ከፈተው። ነጥብ የለውም፣ ጠላት የለውም። ምሕዋር፣ ስበትና ነዳጅ ብቻ ናቸው። በጎ ፈቃደኞች በላዩ የሠሩት የአፖሎ ተጨማሪ አለ፤ የዚያን መንኮራኩር ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ የኤሌክትሪክ መስመሮችና ኮምፒውተሩን ጭምር መልሶ ያስነሣል። ያ ኮምፒውተር 2,048 ቃላት ብቻ የሚይዝ ጊዜያዊ ሜሞሪ ይዞ ሰው ጨረቃ ላይ አሳርፏል። ‹ሪኤንትሪ› የሚባለው ደግሞ ሜርኩሪን፣ ጀሚናይንና አፖሎን ትምህርት እየሰጠ በቅደም ተከተል ያስነዳል፤ ይከፈልበታል። እነዚህን መጫወት ልፋት ነው። አንድ ማብሪያ ለማግኘት ብዙ ገጽ መመሪያ ማንበብ ይጠይቃል። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ሲነሣ የሚሰማው ደስታ ግን ያለ ልፋቱ አይገኝም።

‹ከርባል ስፔስ ፕሮግራም› ከእነዚህ ይልቅ ለጀማሪ ይመቻል። ትምህርቱ እንዳለ ሆኖ ለእኔ የሚበልጥብኝ የትውልድ ቦታው ነው። በ2011 ለሕዝብ ያወጣው ስኳድ በሜክሲኮ ሲቲ ያለ የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ነበር፤ ፌሊፔ ፋላንጊ የሚባል ሠራተኛው ሐሳቡን ይዞ መጣ፣ ድርጅቱም ሥራልን አለው። የጌም ኢንዱስትሪ ማዕከል ካልነበረ ከተማ የወጣ ሥራ ናሳ ራሱ አብሮ የሠራበት ጌም ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ያለው ጌም ሠሪ ድርጅት ቅኔ ጌምስ በ‹ኩኩሉ›ና በ‹ገበጣ› ጌሞቹ የከፈተው መንገድ ጠባብ ቢመስልም ከዚህ አንጻር ሲታይ ተስፋው ትንሽ አይደለም።

ስልክ ብቻ ያለው ሰውም አልተረሳም፣ ምርጫው ግን ጥቂት ነው። ‹አውት ዜር› በ2014 ከፈረንሳይ የወጣ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ ነዳጅ፣ ኦክስጅንና የመንኮራኩሩ አካል እየተመናመኑ ከኮከብ ወደ ኮከብ ይሄዳሉ። ሮኬት መሥራት የሚፈልግ ‹ስፔስፍላይት ሲሙሌተር›ን ያገኛል። ከማስታወቂያ ብዛት የማይከፈቱትን ሌሎቹን ማንሣት አልፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ሰፈር ይስማማል የምለው ግን እስካሁን ያላነሣሁት ዓይነት ነው። በ2010 ‹አርጤምስ› የሚባል ጌም ወጣ፤ አንዱን መንኮራኩር ለስድስት ሰው ያካፍለዋል። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ይቃኛል፣ አንዱ ሬዲዮ ይይዛል፣ አንዱ መሐንዲስ ነው። እያንዳንዱ በራሱ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፤ የሚያየው የራሱን ክፍል ብቻ ነው። ስድስተኛው አዛዥ ነው፤ የሚነካው ቁልፍ የለም፣ ትልቁን ስክሪን እያየ ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ያዝዛል። ከዚህ ተነሥቶ የተሠራው ‹ኤምፕቲ ኤፕሲሎን› በነፃ ይገኛል፣ ኮዱም ክፍት ነው። ላፕቶፖቹ በአንድ ራውተር ከተገናኙ ይበቃል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ያገለገሉ ላፕቶፖችም ይችሉታል።

የመሐንዲሱን ወንበር ልግለጸው፤ የዚህ ሁሉ ጥያቄ መልስ እሱ ላይ ነውና። በፊቱ የመንኮራኩሩ ክፍሎች ተደርድረዋል፦ ሪአክተር፣ ሞተር፣ መዞሪያ፣ መሣሪያ፣ የፊትና የኋላ ጋሻ። ለእያንዳንዱ ሁለት መቆጣጠሪያ አለው፤ አንዱ ኃይል ይጨምራል፣ ሌላው ማቀዝቀዣ ይልካል። የማቀዝቀዣው መጠን የተወሰነ ነው። ነጂው ፍጥነት ጨምርልኝ ሲል ሞተሩን ከልኩ በላይ ይገፋዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ማቀዝቀዣውን ከጋሻው ወስዶ ይልክለታል፤ ተኳሹ በዚያው ቅጽበት ጋሻው ሳሳ ብሎ ይጮኻል። ጦርነቱን መሐንዲሱ አያየውም። የሚያውቀው በጓደኞቹ ድምፅና በሚንቀጠቀጡት ቁጥሮች ነው። ድባብ ፍለጋ ለመጣ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

ይህ ጌም በፕሌይስቴሽን ቤቱ ልማድ ላይ የሚያመጣውም አለ። የሚሸነፍ ካለ የሚሸነፈው ስድስቱም ነው፤ ከፍሎ የሚነሣ አንድ ሰው የለም፣ ሒሳቡ በሰዓት ይሆናል። ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቀውም ቢሆን ሥራ ያገኛል፤ ቃኚው ያላየውን ያይለታል። ሰፈሩ ለተበተነበት ወጣት ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ከየዳርቻው ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ለመገናኘት በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ሠራተኛው ካልተሟላ መንኮራኩሩ አይነሣምና የጎደለው ሰው ይፈለጋል፣ ይደወልለታል።

የቋንቋውም ነገር እዚህ ይፈታል። በአማርኛ የሚናገር መንኮራኩር እስካሁን አልገጠመኝም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ እንግሊዝኛ ማንበብ ይጠይቃሉ፤ ‹አውተር ዋይልድስ›ን የመሰለ ሥራ ታሪኩን ለማያነብ ሰው ግማሹ ይቀርበታል። በስድስት ሰው መንኮራኩር ግን ስክሪኑ ላይ የሚበዛው ቁጥርና ቀለም ነው፤ ጨዋታው ራሱ ንግግር ነው። አዛዡ ‹‹መሐንዲስ፣ ሞተሩ ምን ላይ ነው?›› ሲል፣ መሐንዲሱም ‹‹ጌታዬ፣ ሊቃጠል ነው፣ ትንሽ ስጡኝ!›› ሲል ጌሙ ማንም ሳይተረጉመው አማርኛ ሆኗል።

ለእንዲህ ያለ ጌም የሚሆን የራሳችን የጠፈር ታሪክም አለን፦ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሆኖ ነበር። በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የስያሜ መርሐ ግብር በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለ አንድ ኮከብ ኢትዮጵያ በመረጠችለት ስም ‹ቡና› ተባለ፤ የሚዞረው ከጁፒተር የሚገዝፍ የጋዝ ፕላኔት ደግሞ ‹አቦል›። ታኅሣሥ 10 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈ፤ የሚከታተሉት ባለሙያዎች ጣቢያቸው እንጦጦ ነበር። ሳተላይት መከታተል ማለት ባትሪውን፣ ሙቀቱንና አቅጣጫውን ከምድር ሆኖ በቁጥር ማንበብ ነው፤ የጌሙ መሐንዲስ የሚያደርገውን በእውነት ማድረግ።

እነዚህን ስሞች ወደ ጌሙ ማስገባት ይቻላል፤ የ‹ኤምፕቲ ኤፕሲሎን› ተልእኮዎች ሉአ በሚባል ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፉ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። የጣቢያውን ስም፣ የሬዲዮውን መልእክት፣ የሚሄዱበትን ኮከብ ጸሐፊው እንደፈለገ ይለውጣል። ከእንጦጦ ጣቢያ ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ አቦል የሚጓዝ መንኮራኩር ታሪክ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሉአን ጥቂት የለመደ አንድ ተማሪና መልእክቶቹን በደንብ አማርኛ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው። የግዕዝ ፊደል የሚያሳይ ፎንትም መግባት አለበት። ከዚያ ስድስት ላፕቶፕ፣ አንድ ራውተር፣ ትልቁን ስክሪን የሚሆን የፕሌይስቴሽን ቤቱ ቴሌቪዥን፣ ለመሐንዲሱም መብራት ቢሄድ ቶሎ የማይጠፋ ባትሪ።